«አየራችን ለዘብ ያለ ነው» ላሉት ጸሐፊ፦ እስቲ ሐረጎን ይውጡ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከሥሩ «አንተ ስለ ዝናብ ማውራት ትወድ የለ፣ ይኸው» ብሎበታል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች አየሯ ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ያለ ነው፤ ጽንፍ የያዘ ብርድና ሙቀት የሌላው ዓለም ጣጣ ነው። ወሎ ደግሞ «የድርቅ ሀገር» ናት። ኤልኒኖ ሲመጣ ሀገሩ በሙሉ ይደርቃል፣ ሲሄድ ሀገሩ በሙሉ ይጠግባል። ደሴ ላይ በረዶ መውረዱ «ዓለም ሞቀች» የሚባለው ወሬ መሆኑን ያሳያል። የሜትዮሮሎጂ ትንበያ አይታመንም። ስለዚህ ለመላ ሀገሪቱ አንድ የእርሻ ካላንደርና ቶሎ የሚደርስ አንድ ዘር ይበቃል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለገበሬው ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል፣ ይህን አልክድም። ግን እኔ ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ እያደርኩ፣ ኮምቦልቻ የምሠራ ሰው ነኝ። በቀን ሁለቴ ከአንድ አየር ንብረት ወደ ሌላ አየር ንብረት በሚኒባስ እሻገራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ቢል ነውር ነው።

«ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አየራችን ለዘብ ያለ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስንሆን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ስለዚህ በእኛ ሀገር ከወር ወር ያለው የሙቀት ልዩነት እንደ አውሮፓ አይደለም። የአዲስ አበባ ጥርና የአዲስ አበባ ሐምሌ በአማካይ ሙቀት ብዙ አይራራቁም። እንዲያውም በበጋ ቀን ከንጋት እስከ ቀትር ያለው ልዩነት ከወር ወሩ ይበልጣል። እስከዚህ ተስማምተናል።

ችግሩ ጸሐፊው ካርታውን ከላይ ብቻ ማየታቸው ነው። ይቺ ሀገር ከጎን ነው መታየት ያለባት። ከጎን ስትታይ ደረጃ ናት። በአንድ በኩል ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ቆሟል። በሌላ በኩል ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ተኝቷል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር። የቀትር ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱም፣ ንጋቱም፣ የጥር ወሩም ተደምሮና ተካፍሎ ነው። ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገበ ዓመታዊ አማካይ ይህ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ጽንፍ የሌላው ዓለም ነው ያሉን ሰው ሪከርዱ እኛ ቤት መቀመጡን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

ወደ ወሎ ልመለስ። ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ገደማ ነው። ቆቦ ከተማ 1,470 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሁለቱ በአንድ ኬክሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ መስመር ቢራራቁ 50 ኪሎ ሜትር ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አስሉት። ወደ 18 ዲግሪ ይመጣል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፀሐይ፣ ቆቦ ላይ ሰው ሸሚዙን ከፍቶ ጥላ ሲፈልግ እዚያ ላይ እረኛው ባናውን ተከናንቦ ይንዘፈዘፋል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ይቀንስለታል፣ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ ስታስተነፍሱ ጣታችሁን ቀዝቀዝ የሚላችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ለይተውታል። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ዛሬም የግብርና ባለሙያ የሚሠራበት ክፍፍል ነው። እስከ 500 ሜትር በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ወሎ አውሳን ጨምሮ ክፍለ ሀገር በነበረበት ዘመን አምስቱም ነበሩት። ዛሬ አራቱ ቀርተውታል። አራትም ቢሆን ለአንድ አካባቢ ቀላል አይደለም።

እኔ የምመላለስበት መንገድ ይህን በ25 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ማታ ከሥራ ስንወጣ የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ክፍት ነው። ሁሉም በሸሚዝ ነው። ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ መውጣት ስንጀምር መጀመሪያ አንዲት እናት «ልጄ፣ እስቲ ያችን መስኮት» ይላሉ። ልጁ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ሁለት መታጠፊያ አልፈን ራሱ ይዘጋታል። ከዚያ ጉሙ ይመጣል። ሹፌሩ መብራት ያበራል፣ መስታወቱን በክንዱ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ይሄኔ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳይነጋገር ከፌስታልና ከቦርሳ ሹራብ ማውጣት ይጀምራል። ልብ ብዬ አይቻለሁ፣ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው። በቁጥር ልዩነቱ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ጉሙና ነፋሱ ሲጨመርበት ግን ሰውነት የሚቆጥረው ሌላ ቁጥር ነው። ደሴ ስንወርድ በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች እጃቸውን ከሰሉ ላይ ዘርግተው ነው የሚጠብቁን።

ጸሐፊው ቀጥለው «ውርጭ ሲባል እንሰማለን እንጂ አይተን አናውቅም» ይላሉ። እርሳቸው ላያዩት ይችላሉ። አያቴ የኖሩት ለጋምቦ በሚባለው የወሎ ደጋ ነው። ኅዳር ላይ እሳቸው ዘንድ ስሄድ ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ነው። አመዳይ ይሉታል። ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ላይ መስታወት የመሰለ ስስ ቅርፊት ይሠራል። በልጅነቴ እሱን በጣቴ ሰብሮ መብላት ነበር ሥራዬ።

አንድ ዓመት ግን ጨዋታ አልነበረም። ባቄላው አብቦ ነበር። በአንድ ሌሊት ጠቆረ። የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ነበር። የገረመኝ ተዳፋቱ ላይ ያለው መትረፉ ነው። ያለቀው ከታች፣ ረባዳው ላይ ያለው ነው። አያቴ ማሳው ዳር ቆመው «ብርድ እንደ ውሃ ነው ልጄ፣ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይተኛል» አሉኝ። ኋላ ትምህርት ቤት የተማርኩት ከዚህ ሌላ አይደለም። በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ እንደ ብርድ ልብስ የሚከለክል ደመና የለም። ከመሬት የተጠጋው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ረባዳው ይፈሳል። የወሎ ደጋ ክፉ ብርድ የሐምሌ ሳይሆን የኅዳርና የታኅሣሥ የሆነውም ለዚህ ነው። ሐምሌ ያንዘፈዝፋል እንጂ ሰብል አያቃጥልም።

«የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውንም እንደ ማስረጃ ጠቅሰውታል። መፈክሩን ያወጡት የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ቱሪስት ለመጥራት እሰየው ነው። ሐምሌ ላይ ደሴ ካልሲ አስጥቶ ሦስት ቀን ያልደረቀለት ሰው ግን ማስረጃ ነው ቢሉት ይስቃል።

«ወሎ የድርቅ ሀገር ናት»

ይቺ ታመኛለች። ከወሎ ውጭ የኖረ ወሎዬ ሁሉ ሰምቷታል። «ከየት ነህ?» ይሉሃል፣ «ከወሎ» ስትል ፊታቸው ላይ ያ የ77ቱ ረሃብ ፎቶ ሲያልፍ ታየዋለህ።

በቁጥር እንጀምር። ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ዝናብ አያጣትም እየተባለች የምትታማው ለንደን ወደ 600 ናት። አዎ፣ ደሴ ከለንደን ትበልጣለች። ቆቦ እንኳ፣ ደረቅ የምንላት ቆቦ፣ ከ600 እስከ 700 ባለው ውስጥ ናት፤ ከለንደን አታንስም።

ታዲያ ለንደን አረንጓዴ ሆና ቆቦ ለምን ትጠማለች? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለንደን ላይ ዝናቡ በ12 ወር ተከፋፍሎ ያካፋል። ቆቦ ላይ አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ዱብ ዱብ ብሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የቆቦ ፀሐይ የወረደውን መልሳ ትወስደዋለች። ስለዚህ የዓመቱ ድምር ብቻውን ምንም አይነግርህም። መቼ ወረደ? ስንት ቀን ቆሞ ነበር? አበባ ላይ እያለ ነው የቀረው? ገበሬ የሚጠይቀው ይህን ነው።

እዚህ ላይ በልግ ይመጣል። ጸሐፊው በጽሑፋቸው በሙሉ በልግ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልጻፉም። ስለ ወሎ ዝናብ ጽፎ በልግን መርሳት ስለ ደሴ ጽፎ የጦሳን ተራራ እንደ መርሳት ነው።

በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚመጣው ዝናብ ነው፣ እርጥበቱን በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ያመጣል። ዓመለኛ ነው። አንዱን ዓመት ጠግቦ ይመጣል፣ አንዱን ዓመት ሁለት ቀን አካፍቶ ይሰወራል። ክረምት ደግሞ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የሚገባው ነው። ለብዙው የሰሜንና የምዕራብ ሰው ዝናብ ማለት ክረምት ነው። ለወሎ ደጋ ግን እንዲያ አይደለም። ለጋምቦን፣ ደላንታን፣ ደሴ ዙሪያን ውሰዱ። እዚያ ላይ ክረምቱ ያጨቀያል፣ ይቀዘቅዛል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ያ ውርጭ ይጠብቃል። ስለዚህ ገበሬው ገብሱን በበልግ ይዘራና ሰኔና ሐምሌ ላይ ያጭዳል። አያቴ ዘንድ የጠገበ ቤት የሚታየው ሐምሌ ላይ ነበር፤ ሌላው ሀገር ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ወር።

አሁን በልጉ ከዳ እንበል። የዚህ ሰው ረሃብ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው። በዚያው ሐምሌ ሬዲዮኑ «ክረምቱ በጥሩ ሁኔታ ገብቷል» ይላል። ሬዲዮኑ አልዋሸም። ሰውየውም አልዋሸም። በልጉ ሰምሮ ክረምቱ ቀድሞ ቢገባስ? የደረሰው ገብስ ሳይታጨድ ይበሰብሳል። ለሌላው በረከት የሆነው ዝናብ ለዚህኛው መቅሠፍት ነው።

ቆቦ ወርደህ ስትጠይቅ በልግ ሌላ ትርጉም አለው። እዚያ የበልግ ዝናብ ማለት ሚያዝያ ላይ ማሽላ መዝራት ነው። ደጋሊት የሚሉት ማሽላ አለ፣ ለመድረስ ብዙ ወር ይፈልጋል፣ እንጀራው ግን እንጀራ ነው። በልጉ ከቀረ ደጋሊት ቀረ፤ ገበሬው ሐምሌን ጠብቆ ወደ ጤፍ ይዞራል። ወደ ሰቆጣ ስትወጣ ደግሞ ተስፋው ሁሉ አንድ አጭር ክረምት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሦስት ወሎ ቆጠርኩላችሁ። ሦስቱም በተለያየ ወር ነው ሰማይ የሚያዩት።

ባቲን ያየ ይህን አይስትም። ሰኞ ገበያ ላይ አፋሩ ሽርጡን አሸርጦ ግመሉን ይዞ ይመጣል። ከደጋ የወረደው ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጥሏል፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አንዱ እህል አለው፣ አንዱ ከብት አለው። ገበያው ራሱ የቆመው ሁለቱ አንድ አየር ስለማይተነፍሱ ነው። ሁለቱም ሀገር አንድ ዓይነት ቢያበቅል ኖሮ ማን ባቲ ድረስ ይደክማል?

ስለ 66ና ስለ 77 አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ድርቅ ነበር፣ ማንም አይክደውም። ግን በ66ቱ ረሃብ ይበልጥ የተመታው የአፋር አርብቶ አደርና የራያና የየጁ ቆላ ጭሰኛ ነበር እንጂ መላው ወሎ እኩል አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያንን ጊዜ መርምሮ ያገኘው ደግሞ ያማል፦ ሰው እየተራበ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። የሚገዛበት ገንዘብ ያጣ ሰው ነው የሞተው። ሰማዩን ብቻ ከከሰስን ሌላው ተከሳሽ ሁሉ በነፃ ይለቀቃል።

«ኤልኒኖ ሲመጣ ሀገሩ በሙሉ ይደርቃል»

ይህ ስህተት በብዙ ሰው አፍ አለ፣ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ኤልኒኖ ማለት እዚያ ማዶ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ ነው። የእኛን ክረምት ያዳክማል። እውነት ነው። በ2007 ክረምት ያየነው ነው፤ በማግሥቱ፣ በ2008፣ የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ተባለ። ወሎም ከተጎዱት ውስጥ ነበረች።

ግን ክረምት የማን ዝናብ ነው? የሰሜኑ፣ የመካከሉና የምዕራቡ። አብዛኛው ሶማሌ ክልልና ቦረና ክረምትን አያውቁም። የእነሱ ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና እንደገና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሶማሌው «ጉ» እና «ዴይር» ይለዋል፣ ቦረናው «ገና» እና «ሐገያ»። እኛ መስቀልን አክብረን አጨዳ ስንጀምር እነሱ ሰማይ ያያሉ። ኤልኒኖ ያንን የጥቅምት ዝናብ ያበረታዋል እንጂ አያዳክመውም። ተቃራኒው ላኒና ሲመጣ ደግሞ የእኛ ክረምት ይጠግባል፣ የእነሱ ጥቅምት ይደርቃል።

ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ሁላችንም የኖርንበት ዘመን ነው። በ2012 ክረምት ማብቂያ አዋሽ አፋር ላይ ሞልቶ ሰው አፈናቀለ፣ ዓባይም ሱዳንን አጥለቀለቀ። ወራት ሳይቆይ፣ ከ2013 መባቻ ጀምሮ እስከ 2015፣ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ከሸፈበት። የቦረና ከብት ያለቀው ያኔ ነው። በአንድ ሀገር፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ከጎርፍ ሸሸ፣ ሌላው ከብቱን ቀበረ። ከዚያ ኤልኒኖ መጣና ነገሩ ተገለበጠ። በ2015 ክረምት ዋግ ኽምራና ትግራይ ዝናብ ተነፈጉ። ጥቅምትና ኅዳር 2016 ላይ ሶማሌ ክልልን ጎርፍ ወሰደው።

እና «ዘንድሮ ኢትዮጵያ ድርቅ ነው ወይስ ጥጋብ?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመለሳል? ደምራችሁ ካካፈላችሁ «መደበኛ» ይወጣል። አንዱ እግርህ እሳት ውስጥ፣ አንዱ በረዶ ውስጥ ቢሆን በአማካይ ተመችቶሃል እንደ ማለት ነው።

ጎርፍን ካነሳሁ አይቀር። ዝናብ የሚወርድበትና ጎርፍ የሚገድልበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው የደቻቱ ጎርፍ የመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ቆቦም እንዲሁ ናት። ደመናው ከላይ ግዳን ተራራ ላይ ይታያል፣ ቆቦ ፀሐይ ነው፣ ከዚያ ደረቁ ወንዝ በድንገት ያጓራል። የቆቦ ገበሬ ግን ከዚህ ጠላት ጋር ተዋውቋል። ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል፣ ማሽላውን ያጠጣበታል። የደጋውን ዝናብ ቆላ ላይ ሆኖ ይበላዋል በሉት።

ስለ በረዶውና ስለ ትንበያው

የደሴን በረዶ ቶሎ ልለፈው። ቋንቋችን ለሁለት ነገር አንድ ስም በመስጠቱ ነው ጣጣው። ፈረንጅ ሀገር እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ፣ እኛ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር የሚንኳኳውም በረዶ። የእኛው ጠጠሩ የብርድ ልጅ አይደለም። መሬት በደንብ ስትሞቅ አየሩ በኃይል ወደ ላይ ይጎናል፣ የውሃውን ጠብታ ይዞት ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ሲከብድ ይወርዳል። በበልግ ከሰዓት በኋላ የሚበዛውም ለዚህ ነው። አንድ ከሰዓት መንገዱ ነጭ ስለሆነ የ30 ዓመት ልኬት አይሻርም። አየር ንብረት ሲባል የሚታየው የ30 ዓመቱ ነው፣ የማክሰኞው አይደለም። የሀገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ወደ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል።

ትንበያውን በተመለከተ ብስጭታቸው ይገባኛል። «ከመደበኛ በላይ ይዘንባል» ተባለ፣ የእነ እገሌ ቀበሌ ደረቀ፣ በቃ ሜትዮሮሎጂ ዋሸ። ግን የወቅት ትንበያ የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፣ የሚናገረውም ዕድልን ነው። ከላይ ያልኩትን ተራራና ሸለቆ አስታውሱ። ሐረጎን ሲወጣ የሚለወጥ ሰማይ በአንድ ቀለም ሲቀባ መሳቱ አይቀርም። ሌላም አለ። ሐምሌን ሙሉ ዶፍ ወርዶ ነሐሴ 20 ቢቀር፣ የወቅቱ ድምር «መደበኛ» ሊሆን ይችላል። ማሽላው ግን ሊያፈራ ሲል ነው የተጠማው። ትንበያው ልክ ነው፣ ገበሬውም ከስሯል።

ከዚህ በላይ ለሜትዮሮሎጂ ሰዎች ጠበቃ አልሆንላቸውም፣ እነሱም ደመወዝ አላቸው።

«አንድ ካላንደር፣ አንድ ዘር»

ሁሉም ወደዚህ ለመምጣት ነው የተጻፈው። የካላንደሩን ነገር በበልጉ የመለስኩ ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይዘራል፣ አንዱ ግመሉን ውሃ ፍለጋ ይነዳል። የቱን ሐምሌ ነው ካላንደሩ ላይ የምንጽፈው?

ቶሎ የሚደርሰው ዘር ግን ጠለቅ ያለ ነገር አለው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ዝናቡ ሲያጥር አጭር ጊዜ የሚፈልግ ዘር ያድናል። አጎቴ ቆቦ ላይ ገበሬ ነው። አንድ ዓመት በልጉ ቀረና፣ አንድ መሥሪያ ቤት ቶሎ የሚደርስ ማሽላ አመጣለሁ አለ። ሰው ማሳውን አለስልሶ ጠበቀ። ዘሩ ሲደርስ ነሐሴ ገብቷል። አጎቴ ዘሩን አልዘራውም፣ ጤፉን ቀድሞ በትኖ ነበር። የዘራው ጎረቤቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በጊዜው መጣና አጎቴም ሞከረው፣ በሩብ ማሳ ላይ ብቻ።

ስልክ ደውዬ «እንዴት ሆነልህ?» አልኩት።

«ደረሰ። ቶሎ ነው የደረሰው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«እሱም ቶሎ ደረሰ፣ ግሪሳውም ቶሎ ደረሰ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ማሽላ ሁሉ ገና አረንጓዴ እያለ የእሱ ሩብ ማሳ ብቻዋን አፈራች። የሀገሩ ግሪሳ ወፍ ሁሉ እሷ ላይ ሰፈረ። ልጆቹ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ዋሉ። አገዳውም አጭር ነው፤ ደጋሊት አገዳው ሁለት ሰው ያህላል፣ ለበጋ የከብት ቀለብ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር። ለእኛ ዘር ማለት ፍሬው ነው። ለእሱ ፍሬውም፣ ገለባውም፣ ወፉም፣ ማገዶውም ነው። አሁንም ያንን ዘር በሩብ ማሳ ይዘራል፣ አልጣለውም። የቀረውን ሦስት አራተኛ እንደ ሚያዝያው ሁኔታ ይወስናል። ለጋምቦ ላለው ገብስ ዘሪ ደግሞ ይህ ማሽላ ምኑም አይደለም። እዚያ ብርዱ አያበቅለውም።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ያንሰናል» ብለዋል። ያንሰናል። ያለውም ከከተማና ከዋና መንገድ አይርቅም፣ ተራራው ላይ ማን ይወጣል? ባለፈው በልግ አጎቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ በሽቦ የታጠረ መለኪያ አየሁ። ሽቦው በአንድ በኩል ተቀዷል። ከውስጥ የሚቀመጠው ቆርቆሮ ቦታው ላይ የለም። የግቢውን ዘበኛ «የት ሄደ?» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ጥግ ጠቆሙኝ። ቆርቆሮው ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ሁለት ዶሮዎች ይጠጡበታል።

«የዝናብ ውሃ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ የቧንቧ ነው ልጄ» አሉኝ። «ዝናቡማ የት አለና።»